ጧሪና ቀባሪ፦ የጤና መድን፣ አረጋውያንና ቤተሰብ በታሪክ ዓይን



በአገራችን ለሰው ከሚሰጡት ታላላቅ ምርቃቶች አንዱ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣህ» የሚለው ነው። ሁለቱ ቃላት ተጣምረው ስለሚነገሩ አንድ ነገር ይመስሉናል። የታሪክ ዕጣቸው ግን ተለያይቷል። ቀባሪነት ቀደም ብሎ ከልጅ ትከሻ ወርዶ ለእድር ተሰጥቷል፤ ጧሪነት እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የልጅ ዕዳ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ እዚህ ማክሰኝት ላይ የማነሣው ጥያቄ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይህን ዕዳ ምን ያህል አቅልሎታል የሚል ነው።

በልጅነቴ አያቴ በወሳንሳ ወደ ጎንደር ሲወሰዱ አስታውሳለሁ። የተሸከሟቸው ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ ማንም ዋጋ አልጠየቀም። ለሕክምናው ግን አባቴ ከጥማዱ አንዱን በሬ ሸጠ። በቀጣዩ ክረምት በመቀናጆ አረስን። ማኅበሩ ትከሻውን ሰጠን፤ የመድኃኒቱን ዋጋ የሚካፈልበት ሥርዓት ግን አልነበረውም። የአንድ አረጋዊ ሕመም የመላው ቤተሰብ የምርት ዘመን ሕመም ይሆን የነበረው በዚህ ምክንያት ነው።

መንግሥትም ለገጠር አረጋውያን የደረሰው ዘግይቶ ነው። በ1945 ዓ.ም. በጎረቤታችን በደንቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕይወት ከቀጠፈ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን አሠልጥኖ ወደ ገጠር አሠማራ። ይህ ታላቅ ሥራ ነበር፤ ዋና ትኩረቱ ግን ተላላፊ በሽታና የእናቶችና ሕፃናት ጤና ነበር። የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209/1955ም ያቀፈው የመንግሥትን አገልጋይ እንጂ ገበሬውን አልነበረም። ለድኻ አረጋዊ የቀረለት መንገድ ከቀበሌ የነፃ ሕክምና ወረቀት መጠየቅ ነበር። ለመታከም አስቀድሞ ድኽነትን ማስመስከር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው፤ ይህን ከማድረግ ሕመሙን በቤቱ መቻልን የመረጠ ብዙ ነው።

ለውጡ የጀመረው በ1990 ዓ.ም. በጸደቀው የጤና አገልግሎት ፋይናንስ ስትራቴጂ ነው። በ2002 ዓ.ም. የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ። አዋጁ ደመወዝተኞችንና ጡረተኞችን የሚያቅፍ ቢሆንም ትግበራው በተደጋጋሚ ተራዘመ። በ2003 ዓ.ም. ግን ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው የታሰበው የማኅበረሰብ አቀፍ መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሙከራውን ጀመረ። ከአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ተሁለደሬና ከእኛ ወደ ባሕር ዳር ሲወረድ የምትገኘው ፎገራ ነበሩ።

የአሠራሩ መሠረት ከእድር ብዙም አይርቅም። አባወራው ወይም እማወራዋ መዋጮውን አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ፣ እጅ ገንዘብ ሲያገኝ ይከፍላሉ። መክፈል ለማይችሉ ድኾች ክልሉና ወረዳው ይከፍሉላቸዋል፤ የፌዴራል መንግሥት ደግሞ በሙከራው ዘመን የመዋጮውን 25 በመቶ ደጉሟል። ለአረጋዊው ትልቁ ለውጥ ግን ከገንዘቡ ይልቅ በክብር በኩል የመጣው ይመስለኛል። ቀድሞ የድኽነት ወረቀት ይዞ ይለምን የነበረው ሰው አሁን የአባልነት መታወቂያ ይዞ መብቱን ይጠይቃል።

ሆኖም ሥርዓቱ የቆመው በ«ቤተሰብ» ላይ ነው። ጥያቄው ቤተሰብ ማን ነው የሚለው ነው። መድኑ በመጀመሪያ የሚያየው ባልና ሚስትን፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆቻቸውንም ነው። አብሮ የሚኖር ሌላ የቤተሰብ አባል፣ የባል ወይም የሚስት እናትም ብትሆን፣ በተጨማሪ ክፍያ ትጻፋለች። በእኛ ባህል ግን አረጋዊት እናት የአንድ ቤት ሰው አይደለችም፤ ከልጅ ወደ ልጅ ትዘዋወራለች። እናቴ ከእህቴ ቤት ወጥታ ሌላ ወረዳ ወዳለው ወንድሜ ቤት በሄዱበት ዓመት መዋጮ ሲታደስ እህቴ «ወንድሜ ያስጽፋቸዋል» ብላ ተወች፤ ወንድሜም «እህቴ ዘንድ ተጽፈዋል» ብሎ ዝም አለ። እናቴ በታመሙ ጊዜ ስማቸው በየትኛውም መዝገብ አልተገኘም። ሦስት ጧሪ ልጆች እያሏቸው ከመድን ውጪ ሆኑ። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ስለ ጤና መድን ታሪክ የማስተምረው ሰው የእናቴን መታወቂያ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሌሎች ክፍተቶችም አሉ። መድኃኒት ከጤና ጣቢያው ሲጠፋ አባሉ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሱ ይገዛል፤ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት በየወሩ ለሚወስድ አረጋዊ ይህ ቀላል አይደለም። ሰው ሠራሽ ጥርስን የመሰለው ከመድኑ ሽፋን ውጪ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን የዘለቀው ግጭት መንገድ በዘጋ ጊዜም መታወቂያው ብቻውን በሽተኛን ሐኪም ዘንድ አያደርስም።

ከዚህ ታሪክ የምረዳው፣ መድኑ በሬውን ከመሸጥ ሊያድን መቻሉን፣ ጧሪን ግን አለመተካቱን ነው። መዋጮውን የሚያስታውስ፣ ለቀጠሮ የሚያደርስ፣ ወረፋ የሚጠብቅ ልጅ ወይም ጎረቤት ዛሬም ያስፈልጋል። ስለዚህ አረጋውያን በልጆቻቸው ቤት ቅጥያ ሳይሆን በራሳቸው ስም የሚጻፉበት፣ ከወረዳ ወረዳ ሲዘዋወሩም አባልነታቸው አብሯቸው የሚሄድበት ሥርዓት ሊታሰብ ይገባል። እስከዚያው ግን እድሮቻችን የሟችን ስም እንደሚይዙ ሁሉ፣ መዋጮ በሚታደስበት ወቅት የአረጋውያንን ስም አንድ በአንድ ቢጠይቁ ብዙ ይጠቅማሉ። እናንተም ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ የእናታችሁና የአባታችሁ ስም በማን መዝገብ እንዳለ ጠይቁ።