ብስክሌትና ቍልቍለት

ወጣቶች ሆይ! የተጣለ አሮጌ ዕቃ አንሥቶ ዳግመኛ ለሥራ ማብቃት የተመሰገነ ሙያ ነው። ነገር ግን ዕቃው ለምን ተግባር እንደ ተሠራ ሳይመረምር ወደ መፍቻ የሚቸኵል ሰው፥ አድናለሁ ብሎ ያጠፋል። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በክብ ሜዳ የሚሮጠው የእሽቅድምድም ብስክሌት ነው።

ዛሬ በመንገድ የምናየው ብስክሌት ፔዳሉ ቢቆምም ጎማው ይሽከረከራል። የጥንቱ ግን እንዲህ አልነበረም። እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ድረስ በአብዛኛው የኋላው ጥርስ ከጎማው ጋር የታሰረ ስለ ነበር፥ ጎማው እስከ ዞረ ድረስ የነጂውም እግር ይዞር ነበር። የመንገድ ብስክሌት ኋላ ይህን ሲተው፥ የክብ ሜዳው ብስክሌት እስከ ዛሬ ጠብቆታል፤ ፍሬንም የለውም፤ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ በሚሮጡበት ስፍራ በድንገት የሚቆም ሰው ከኋላው ያሉትን ይጥላልና። ጥቍር አሜሪካዊው ሜጀር ቴይለር በ1891 ዓ.ም. በሞንትሪያል የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚህ ዓይነት ብስክሌት ነው።

የአገራችን ልጆች ስም ግን በመንገድ ውድድር ይነሣል። በኅዳር 1949 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሜልቦርን ኦሎምፒክ ስትካፈል፥ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ 187 ኪሎ ሜትር በሚሆነው የመንገድ ውድድር ተሰለፉ። መንገድ ዳገትና ቍልቍለት፥ መታጠፊያም አለውና ለዚያ የሚሠራው ብስክሌት ፍሬን አለው። ሁለቱም መልካም ናቸው፤ እያንዳንዱ ግን በስፍራው።

እንግዲህ በየካ የሚኖር አንድ ወጣት ያረጀ የክብ ሜዳ ብስክሌት አግኝቶ ማደስ ቢፈልግ፥ አስቀድሞ ይለካ። መካኒኮቻችን ዳዶ፥ ኩሽኔታ፥ ግራሶ ይላሉ፤ ቃሉ ከጣሊያን ስለ መጣ ግን ብረቱ ሁሉ የጣሊያን አይደለም። የፔዳሉ ዘንግ የሚገባበት ቱቦ በጣሊያን ልክ 70 ሚሊሜትር ነው፤ የሁለቱም ወገን ክዳን ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል። በእንግሊዝ ልክ ግን 68 ሚሊሜትር ነው፤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ክዳን የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው። ይህን ሳያውቅ በጉልበት የሚያጠብቅ ሰው ስንት ዓመት የቆየውን የብሎን ጥርስ በአንድ ጊዜ ይበላዋል።

ከዚህም የሚበልጥ ነገር አለ። የኋላው ጥርስ ወደ ቀኝ ተዞሮ ይታሰራል፤ በላዩም ወደ ግራ የሚጠብቅ ቀለበት ይደረግበታል። ነጂው ፍጥነቱን ለመግታት እግሩን ወደ ኋላ ሲጫን ጥርሱ ሊፈታ ይሻል፤ ቀለበቱ ግን በዚያው ኀይል እየጠበቀ ይይዘዋል። የዚህ ቀለበት ስፍራ በሌለው ተራ ጎማ ላይ ጥርሱን በማጣበቂያ አስሮ መንዳት በሜዳ ላይ የተሳካ ይመስላል። የሚፈታው ግን በቍልቍለት፥ እጅግ በሚያስፈልግበት ጊዜ ነው።

እንጦጦም ቍልቍለት ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከዚያ ኮረብታ ወደ የካ የሚወርደው መንገድ እናቶች ለብዙ ዘመን የማገዶ እንጨት ተሸክመው፥ ጎንበስ ብለው የተመላለሱበት ነው። ጀርባዋ በሸክም የተሸፈነ ሴት ከኋላዋ የሚመጣውን አታይም፤ ዘላም አታመልጥም። ስለዚህ ብስክሌቱን በዚያ የሚነዳው ሰው ፍሬን ይግጠምበት። የጥንቱ የፊት ሹካ የፍሬን ቀዳዳ የሌለው እንደ ሆነ አይብሳው፤ ግራሶ ቀብቶ፥ በጨርቅ ጠቅልሎ ያስቀምጠውና ፍሬን የሚቀበል ሌላ ሹካ ይግጠም። እንዲህ ሲያደርግ የቀድሞው ሠሪ ሥራ አይጠፋም፤ መንገደኛይቱም በደኅና ትገባለች።

ከአባቶቻችሁ የምትቀበሉትን ሁሉ እንዲሁ አድርጉ። ልኩን ሳታውቁ አታስገድዱት፤ አሮጌ ነው ብላችሁም አትጣሉት። ለእናንተ መንገድ የሚጐድለውን ግን ጨምሩለት፤ ብስክሌቱ የእናንተ ቢሆን እንኳ መንገዱ የሁሉ ነውና።