ሒሳቡ የሚዘጋው ምድር ላይ ነው፦ የጠፈር ወጪና የድርቅ ቅድመ ማስጠንቀቂያ

አፖሎ 11 ወደ ጨረቃ ሊወነጨፍ አንድ ቀን ሲቀረው፣ እ.ኤ.አ. ጁላይ 15 ቀን 1969፣ የማርቲን ሉተር ኪንግ የትግል ጓድና ተተኪ የነበሩት ቄስ ራልፍ አበርናቲ ድሃ ቤተሰቦችን አስከትለው፣ በበቅሎ የሚጎተቱ ጋሪዎችን ይዘው ፍሎሪዳ ወደሚገኘው የማስወንጨፊያ ጣቢያ መጡ። ከአገሪቱ ሕዝብ አንድ አምስተኛው በቂ ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ሳያገኝ ይህን ያህል ገንዘብ ወደ ጨረቃ መላክ ምን ይሉታል ነው ነገሩ። የናሳው ኃላፊ ቶማስ ፔይን ወጥተው አነጋገሯቸው። የነገውን መንኮራኩር በማስቀረት ድህነት የሚጠፋ ቢሆን ኖሮ ቁልፉን አንጫንም ነበር ሲሉም መለሱላቸው።

የፔይን መልስ በከፊል እውነት አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 ናሳ ከፌዴራሉ በጀት 4.4 በመቶ ገደማ ይወስድ ነበር፤ ዛሬ ድርሻው ከግማሽ በመቶ በታች ነው። ከናሳ የተቀነሰው ገንዘብ ግን ወደ ድሆች ጓዳ አልገባም። ይህ ማለት አበርናቲ ተረቱ ማለት አይደለም። እሳቸው የጠየቁት ስለ ቅደም ተከተል ነው፤ የተመለሰላቸው ደግሞ ስለ አቅም ነው። ከጠፈር ምርምር የሚተርፉ የሕክምና መሣሪያዎችንና ልዩ ልዩ ቁሶችን እየቆጠሩ የሚከራከሩትም ቢሆኑ ብዙ አያራምዱም። የልብ መመርመሪያ የሚሻ መንግሥት ገንዘቡን በቀጥታ ለሕክምና ምርምር ቢመድብ ይቀለዋል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ሌላ ነው። ለጠፈር የወጣ የሕዝብ ገንዘብ መካሱ ወይም መባከኑ የሚታወቀው ከሰማይ የመጣውን መረጃ ተቀብሎ ወደ ውሳኔ በሚለውጠው የምድር ላይ ሥራ ነው። ለዚህ ከ1977 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ረሃብ ማግስት የተቋቋመው ሥርዓት ዋና ማስረጃ ነው።

የአሜሪካ መንግሥት የርዳታ ድርጅት የነበረው ዩኤስኤይድ ፊውስ ኔት በሚል ስም የሚታወቀውን የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ የመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። መረቡ በመጀመሪያ የተደገፈበት የሳተላይት መሣሪያ የተሠራው ዳመናን ለመከታተል እንጂ ለሰብል አልነበረም። የናሳው ተመራማሪ ኮምፕተን ተከርና ባልደረቦቻቸው ግን ከዚያው መሣሪያ የዕፅዋትን ሁኔታ ማንበብ እንደሚቻል አሳዩ። ለምለም ቅጠል ቀይ ብርሃንን ይመጥጣል፤ ለዓይን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ጨረር ግን መልሶ ያንጸባርቃል። ሰብሉ ውኃ ሲጠማው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። ልዩነቱ ለድምራቸው ሲካፈል አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ቁጥሩ ከብዙ ዓመታት አማካይ ጋር ሲተያይ የዋግ ኽምራ ወይም የቦረና መሬት ከወትሮው ምን ያህል እንደገረጣ ካርታ ላይ ይነበባል።

ካርታው ግን ብቻውን ረሃብን አይናገርም። ስለዚህ ተንታኙ ገበያ ይወርዳል፦ አንድ ፍየል ተሸጣ ስንት ኪሎ በቆሎ ትገዛለች? ሣሩ ደርቆ ከብቱ ሲከሳ ሁሉም ለመሸጥ ይሽቀዳደማል፤ የፍየሏ ዋጋ ይወድቃል፣ የእህሉ ይወጣል። አርብቶ አደሩ የሚራበው በዚህ መሐል ነው። ይህን ደግሞ ከምድር በላይ በመቶዎች ኪሎ ሜትር የሚዞር መሣሪያ አያየውም።

አይቶ ዝም ማለትም አለ። ሶማሊያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ረሃብ ከመታወጁ ከወራት በፊት ጀምሮ ተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ ወጥቷል። ይሁንና ታጣቂው ቡድን አልሸባብ የርዳታ ድርጅቶችን አገደ፤ ለጋሾች ገንዘባቸው በአሸባሪ እጅ ይገባል ብለው አመነቱ። በኋላ የተደረገ ጥናት የሟቾቹን ቁጥር ወደ 260,000 የሚጠጋ ብሎ ገምቶታል፤ ግማሾቹ ከአምስት ዓመት በታች ሕፃናት ነበሩ። ሳተላይቶቹ ሥራቸውን ሠርተው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ርዳታ ሲታገድ የፊውስ ኔት ድረ ገጽ ተዘጋ። ከወራት በኋላ በከፊል ቢመለስም፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ሳተላይቶቹ በሰማይ እየዞሩ ፎቶ ያነሡ ነበር። የበጀት መቀስ ቀድሞ ያረፈው በውዱ ላይ ሳይሆን በርካሹ ላይ ነው፤ ውዱን ትርጉም የሚሰጠውም ያ ርካሹ ነበር።

ዋጋ የማውጣት ፖሊሲም እንዲሁ ወጪን ያባክናል። ላንድሳት የተባለው የምድር ቅኝት መርሐ ግብር እ.ኤ.አ. በ1972 በሕዝብ ገንዘብ ተጀመረ፤ በ1980ዎቹ ለግል ኩባንያ ሲሰጥ ግን የአንድ ምስል ዋጋ ከ4,000 ዶላር በላይ ደረሰ። በዚህ ዋጋ የትኛው የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲ ገዝቶ ይዘልቃል? እ.ኤ.አ. በ2008 ምስሉ በነፃ ሲለቀቅ በቀን በዐሥሮች ይቆጠር የነበረው ስርጭት ወደ ሺዎች ተመነደገ። ሳተላይቱ ያው ሳተላይት ነው።

ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችውን ሳተላይቷን ከቻይና ስታስወነጭፍ የአበርናቲ ጥያቄ በአማርኛ ተነሥቷል። ከ8 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጪው አብዛኛውን የሸፈነችው ቻይና ናት መባሉ ለብዙዎች በቂ መልስ ሆነ። ለእኔ አይበቃም። የአውሮፓው ሴንቲኔል-2 በዚያን ጊዜ የ10 ሜትር ጥራት ያለውን ምስል በነፃ ይሰጥ ነበር፤ የእኛው ጥራት ወደ 14 ሜትር ይጠጋ ነበር። በምስል ብቻ ከተመዘነ ግዢው አያዋጣም። የሚያዋጣው በሥራው ላይ የተሳተፉት ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች በሙያቸው ከቀጠሉና እንጦጦ ላይ የሚወርደው መረጃ ወረዳ ድረስ ከዘለቀ ነው። ስለዚህ ቀጣዩ ሳተላይት ለፓርላማ ሲቀርብ፣ የበጀት ሰነዱ ከማስወንጨፊያው ዋጋ ጎን ካርታውን አንብበው እህል በወቅቱ ለሚያስጭኑት ባለሙያዎች የሚመደበውን የዐሥር ዓመት ደመወዝና ሥራ ማስኬጃ ማሳየት ይኖርበታል።