ጉርብርብ በጣና ዙሪያ፦ የአንድ የከብት ቆዳ ደዌ ታሪክ

ጉርብርብ የሚባለው የከብት የቆዳ በሽታ በኢትዮጵያ የእንስሳት ሕክምና መዝገብ ላይ የሰፈረው በቅርብ ዘመን ነው። የመጀመሪያው ወረርሽኝ በ1983 ከጣና ሐይቅ ደቡብ ምዕራብ ታየ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በተከታዩ ዓመት መብራቱና የሥራ ባልደረቦቹ ያዩትን በአንድ የፈረንሳይ የእንስሳት ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ደዌው እዚያው አልቀረም፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኛውን የአገሪቱን ክፍል አዳረሰ። ከሐይቁ በስተምሥራቅ የተዘረጋው የፎገራ ሜዳ ደግሞ እንዲህ ያለ ደዌ የሚሻውን ሁሉ የያዘ ነበር፤ ብዙ ከብት፣ የጋራ ግጦሽ፣ የተኛ ውሃና ነካሽ ዝንብ።

ሜዳውን የሚያጠግቡትም የሚያጥለቀልቁትም ርብና ጉማራ ናቸው። ክረምት ሲገባ ሁለቱ ወንዞች ዳርቻቸውን ጥሰው ይፈስሳሉ፤ ውሃው ሲሸሽ ረግረጉ ለምለም ሣር ያበቅላል። ጥቁርና ነጭ ቡራቡሬ የሆነው የፎገራ ከብት የዚህ ረግረግ ልጅ ነው። ጭቃውን፣ ጎርፉንና ዝንቡን በመቻሉ ይታወቃል፤ ለወተቱም ሲባል ከባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ ጣቢያ ከ1964 ጀምሮ ዝርያውን ሲያራባና ሲያጠና ኖሯል። ከዚያ ወዲህ የሜዳው ገጽታ ተለውጧል። ሩዝ የእርሻው ዋና ሰብል እየሆነ ሲሄድ ግጦሹ ጠበበ፤ ወረታም ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ወደ ደብረ ታቦር በሚገነጠልበት ቦታ ላይ የሩዝ ገበያ ሆና አደገች። ከብቱ በቀረው ሣር ላይ ተጋፍቶ ይግጣል።

ዝንቡም ቢሆን በወሬ ብቻ የሚታወቅ አይደለም። በ2006 የታተመ ጥናት በጣና ዙሪያ ባሉ ሦስት ወረዳዎች፣ ፎገራን ጨምሮ፣ የገንዲ ዝንብ በሌለበት ከብቶች በገንዲ በሽታ እንደሚያዙ አሳይቷል። ተውሳኩን ከከብት ወደ ከብት የሚያጋቡት ደም መጣጭ ዝንቦች ናቸው። የፎገራ ከብት ቆዳ እንግዲህ በየክረምቱ መጨረሻ ደጋግሞ ይበሳል ማለት ነው። የጉርብርብን ታሪክ ለመረዳት ከዚህ ቀዳዳ መነሳት ያስፈልጋል።

ጤነኛ ቆዳ ለቫይረስ ጽኑ አጥር ነው። የላይኛው ንጣፍ የሞቱና የጠነከሩ ሕዋሳት እንደ ጎጆ ክዳን ሣር ተደራርበው፣ በመካከላቸው ስብ ሞልቶባቸው የተሠራ ነው፤ ቫይረስ ደግሞ የሚራባው በሕያው ሕዋስ ውስጥ ብቻ ስለሆነ እዚያ ላይ ቢያርፍም አይረባም። ከዚያ በታች ባዕድ ነገር ሲገባ ለይተው ለሰውነት የሚያሳውቁ የመከላከያ ሕዋሳት አሉ። ነካሽ ዝንብ ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያልፋል። የከብት ዝንብ አፉ እንደ መርፌ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ነው፤ ቆዳውን ፍቆ ደም ያወጣል። ከብቱ በጭራው ሲያባርረው ሳይጠግብ ይነሣና አጠገቡ ባለው ከብት ላይ ያርፋል። አፉ ላይ የቀረው እርጥብ ነገር ቫይረስ ከያዘ አጥሩን ተሻግሮ ሕያው ሕዋስ ዘንድ ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ ትኩሳት ይነሣል፤ አንዳንዴ 41 ዲግሪ ያልፋል። ቆዳው ላይ ከግማሽ እስከ አምስት ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ጠንካራ እባጮች ይወጣሉ። እባጩ ላይ ላዩን የተቀመጠ አይደለም፤ የቆዳውን ውፍረት ሙሉ ይይዛል፣ አንዳንዴም ወደ ሥጋው ይዘልቃል። መካከሉ ሲሞት እንደ ቡሽ ክብ ሆኖ ይላቀቅና ጉድጓድ ትቶ ይወድቃል። ከብቱ ቢድንም ሌጦው ገበያ ላይ ዋጋ የለውም።

በሽታው መጀመሪያ በ1929 በዛሬዋ ዛምቢያ ሲታይ፣ ሐኪሞቹ ወይ መርዝ በልቶ ነው ወይ የነፍሳት ንክሻ አስቆጥቶት ነው ብለው ጻፉ። በ1940ዎቹ ወረርሽኙ ወደ ቦትስዋናና ደቡብ አፍሪካ ተሻግሮ እስከ 1949 ድረስ ስምንት ሚሊዮን ያህል ከብት ሲያጠቃ፣ ከእባጭ የተወሰደ ናሙና ጤነኛውን እንደሚያሳምም በሙከራ ታወቀ፤ የመርዙ ነገር በዚህ ተዘጋ። ንክሻው ግን ሌላ ትርጉም ይዞ ተመለሰ። በ2001 የታተመ የእንግሊዝ ሙከራ የወባ ትንኝ ያልሆነች አንዲት የትንኝ ዓይነት ከታመመ ከብት ደም መጥጣ ከቀናት በኋላም ጤነኛውን ልታሳምም እንደምትችል አረጋገጠ። በ2003 በከብት ዝንብ ላይ የተደረገው ሙከራ አልተሳካም፤ በ2019 ቤልጅየም ውስጥ ሲደገም ግን የከብት ዝንብም ሌላ የነካሽ ዝንብ ዓይነትም አስተላላፊ ሆነው ተገኙ። በ2021 የወጣ ሥራ ደግሞ እባጭ ያወጣ ከብት ሳይታይበት ከተያዘው ይልቅ ነፍሳትን እጅግ በበለጠ እንደሚበክል ለየ።

በኢትዮጵያ በኩል ጌታቸው ጋሪና ባልደረቦቹ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ወይና ደጋና ቆላው ከደጋው ይበልጥ እንደሚጠቃ፣ የጋራ ግጦሽና የጋራ ውሃ፣ እንዲሁም አዲስ ከብት መቀላቀል አደጋውን እንደሚያባብሱ አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ ጉዳቱን በገንዘብ ተመኑ፤ በዓመት በአንድ የአገር ከብት ስድስት ዶላር ተኩል ያህል፣ በአንድ የውጭ ዝርያ ወይም ዲቃላ 58 ዶላር ያህል። ወተቱ ብዙ የሆነው ከብት የሚያጣውም ብዙ ነው።

እንግዲህ ክትባቱስ? ለዚህ ጥያቄ የአገሪቱ ትዝታ ደስታ የተባለው የከብት ወረርሽኝ ነው። ደስታ በ1880ዎቹ መጨረሻ የከብቱን ዘር ፈጅቶ ክፉ ቀን የተባለውን ረሃብ አምጥቷል፤ ከብዙ ዓመታት ክትባት በኋላ ግን በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1995 ነው፣ በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ያ ደዌ የሚተላለፈው በቅርብ ንክኪና በትንፋሽ ነበር፤ አንድ ጥሩ ክትባትም ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ መከላከያ ይሰጥ ነበር። ጉርብርብን በዚያ መለኪያ የጠበቀ ሁሉ አዘነ።

ደብረ ዘይት ላይ በ1964 የተቋቋመው ብሔራዊ የእንስሳት ሕክምና ኢንስቲትዩት ለጉርብርብ ክትባት ያመርትባቸው ከነበሩት የቫይረስ ዝርያዎች አንዱ በኬንያ የበግና የፍየል ፈንጣጣ ተብሎ የተመዘገበ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነበር፤ የበግ፣ የፍየልና የከብቱ ቫይረሶች የቅርብ ዘመዳሞች ናቸውና አንዱ ከሌላው ሊከላከል ይችላል። በ2013 የታተመ ሥራ ግን በዚያችው በደብረ ዘይት አካባቢ የተከተቡ የወተት ከብቶች በብዛት መታመማቸውን መዘገበ። የዘር ምርመራም የኬንያዎቹ ዝርያዎች የበግ ሳይሆኑ ራሳቸው የጉርብርብ ቫይረስ መሆናቸውን አወጣ። በ2015 ጌታቸውና ባልደረቦቹ ሦስት ክትባቶችን በጥጆች ላይ ሲያወዳድሩ በአገር ውስጥ የተመረቱት ሁለቱ አልጠበቁም፤ ጎርጋን ከሚባለው የፍየል ፈንጣጣ ዝርያ የተሠራው ግን ጠበቀ፤ መርፌው ባረፈበት ቆዳ ላይ የታየው የመከላከያ ሕዋሳት ምላሽም ጠንካራ ነበር።

ይህ ማለት ክትባት አይረባም ማለት አይደለም። ቫይረሱ በ2015 ግሪክ ገብቶ ከዚያ ባልካንን ሲያስጨንቅ፣ ከሞላ ጎደል ሁሉንም ከብት ያዳረሰው ክትባት ወረርሽኙን ገታው፤ የዚያ ክትባት ዝርያም ስሙ ደብረ ዘይት ላይ ከወደቁት ከአንዱ ጋር አንድ ነበር። ልዩነቱ ያለው የዘር ቫይረሱ እንዴት እንደተያዘ፣ እንዴት እንደተመረተና ምን ያህል ከብት እንደተዳረሰ ላይ ነው።

ከ1983 እስከ ዛሬ ያለው መዝገብ የሚያስተምረው አንድ ነገር ነው። አስከትቤ ታመመብኝ የሚል ገበሬ ያየውን ነው የተናገረው፤ ጥርጣሬ የነበረበት ወገን ማስረጃውን ያገኘው ዘግይቶ ነው። ስለዚህ ለፎገራ ከብት የሚመጣ ክትባት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ስም ሳይሆን በከብት ቆዳ ላይ ተፈትኖ መታመን አለበት፤ የሚሰጥበትም ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ዝንቡ ከመብዛቱ በፊት መሆን አለበት። ዝንብ አጥሩን ከበሳው በኋላ የሚደርስ መርፌ ዘግይቷል።