ለሶዶ ወህኒ ቤት የተሸከሙት ስንቅ

ጣሊያን ወላይታን በያዘበት ዘመን የሶዶ ወህኒ ቤት ለታሳሪዎቹ ምግብ አያቀርብም ነበር። እስረኛ የሚበላው ከቤቱ የመጣለትን ነው። መንደሩ ሩቅ የሆነ ወይም ጠያቂ ዘመድ የሌለው አጠገቡ ከታሰረው ሰው እጅ የሚተርፈውን ሲጠብቅ ይውላል። በዚህ ግቢ አንድ ጊዜ ሃምሳ ያህል ሰዎች በአንድነት ታሰሩ። ወንጀላቸው የወንጌል አማኞች ጉባኤ መሪዎች መሆናቸው ነው። ተገረፉ፤ ከግርፋቱ በኋላ በሕይወት ያልወጡም ነበሩ።

ታሪኩ እንዲገባን ጥቂት ዓመታት ወደ ኋላ መመለስ አለብን። በመጋቢት 1920 ዓ.ም. በሐኪሙ ቶማስ ላምቢ የሚመሩ ጥቂት ሚሲዮናውያን በበቅሎ እየተጓዙ ወላይታ ገቡ። ላምቢ ቀደም ሲል በአዲስ አበባ ጉለሌ ሆስፒታል ያሠራ አሜሪካዊ ነው። የጉዞው የመጀመሪያ ዓላማ ጅማ መድረስ ነበር፤ መንገዱ ግን ወደ ደቡብ ወሰዳቸው። የአገሩ ገዢ ደጃዝማች ይገዙ ተቀበሏቸው፤ የሱዳን የውስጥ ሚሲዮን በመባል የሚታወቀው ማኅበርም ከዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ያኔ ከሶዶ ከተማ ወጣ ባለችው ኦቶና ጣቢያውን ተከለ። ክሊኒኩና ትምህርቱ ተጀመረ። ስብከቱ ግን ቶሎ ሰው አላገኘም። የመጀመሪያዎቹ አሥር አማኞች የተጠመቁት ከአምስት ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ፣ በ1926 ዓ.ም. ነው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. የጣሊያን አስተዳደር የቀሩትን ሚሲዮናውያን ከነልጆቻቸው በጭነት መኪና አሳፍሮ ከሶዶ አስወጣቸው። ትተውት የሄዱት አርባ ስምንት የተጠመቁ አማኞችን ነው። በወላይትኛ የተተረጎመ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ትንንሽ መጻሕፍት ነበሯቸው እንጂ ደመወዝ የሚከፍላቸው፣ መድኃኒት የሚልክላቸው፣ ሲታሰሩ የሚሟገትላቸው አካል አልነበረም። እኔን ወደዚህ ታሪክ ደጋግሞ የሚመልሰኝም ይህ ነው። ቤተ ክርስቲያን በችግር ጊዜ ምን ትሠራለች ብሎ ለሚጠይቅ፣ ከውጭ ምንም የማይገባበት ወቅት እውነተኛው መፈተኛ ይመስለኛል።

አማኞቹ ግን በዙ። ብዛታቸው ያሳሰባቸው ጣሊያኖችና ከእነሱ ጋር ያበሩ የአካባቢው ሹሞች የጸሎት ቤቶችን አፈረሱ፤ ሽማግሌዎቹንም ለቅመው አሰሩ። ከታሳሪዎቹ መካከል ዋንዳሮ የተባለው መሪ ይገኝበታል። የዋንዳሮን ስም የወላይታ አማኞች ዛሬም ለልጆቻቸው ይነግራሉ፤ በአደባባይ ተገርፎ ዝም አለማለቱ ነው የሚተረክለት። ስለ ስንቁ የሚነገረው ግን ከግርፋቱ ያነሰ ነው፤ ለእኔ እንደ ግርፋቱ ሁሉ የሚደንቀኝ ክፍል ይኸው ነው።

የሚሲዮኑ ባልደረባ የነበረው ሬይመንድ ዴቪስ ከአማኞቹ ሰምቶ እንደመዘገበው፣ በየመንደሩ ያሉ ጉባኤዎች ለታሰሩት መሪዎቻቸው ምግብ እየተሸከሙ ሶዶ ይመላለሱ ጀመር። በሥራ ቀን የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ እሑድ ደግሞ ግቢው በስንቅ ተሸካሚ ይጨናነቃል። የመጣው ምግብ ከታሳሪዎቹ ተርፎ በዚያው ወህኒ ቤት ያሉ፣ በሌላ ወንጀል የታሰሩና ምንም ዝምድና የሌላቸው እስረኞች ሁሉ ይበሉት ነበር። እነዚያ እስረኞች ሲፈቱ ያዩትን በየቀያቸው አወሩ። ይህ ምን ዓይነት ዝምድና ነው ብለው አማኞቹን ፈልገው የሄዱም ነበሩ።

ስንቁ ከየት እንደመጣ ማሰብ ይገባል። ጊዜው የጦርነት ነው፤ የወላይታ ገበሬ መሬት ጠባብ ነው። እንሰቱ ከጓሮ ይነቀላል፣ ይፋቃል፣ ይቀበራል፤ ቆጮ ሆኖ እስኪወጣ ወራት ይፈጃል። ይህን የሚሠሩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። እንግዲህ ለወህኒ ቤቱ የተላከ እያንዳንዱ እንጀራ ወይም ቆጮ ከአንዲት እናት ማጀት፣ ከልጆቿ ድርሻ የወጣ ነው። መዝገቡ የወንዶቹን ስም ይዟል፤ የሴቶቹን አልያዘም። ይህ ጉድለት በታሪካችን ብዙ ቦታ የሚያጋጥም ቢሆንም እዚህ ላይ የበለጠ ይቆጨኛል፤ ምክንያቱም እስረኞቹን በሕይወት ያቆያቸው የእነሱ እጅ ነው።

ጣሊያን ተሸንፎ ሚሲዮናውያኑ ሲመለሱ ወደ አሥር ሺህ የሚጠጉ አማኞችና አንድ መቶ ያህል ጉባኤዎች እንደጠበቋቸው በራሳቸው መዛግብት ጽፈዋል። ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን በወላይታ የቆመችው በዚህ መሠረት ላይ ነው። በኦቶና ሆስፒታሉ አደገ። በደርግ ዘመን መንግሥት ወረሰው፤ በርካታ የጸሎት ቤቶች ተዘጉ፤ መሪዎች ዳግመኛ ታሰሩ፤ ጸሎቱም ወደ መኖሪያ ቤት ገባ። ሆስፒታሉ አሁን በወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነው፤ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ ኦቶና ይለዋል።

የወላይታ ሌላው ፈተና ረሃብ ነው፤ ይህ ረሃብ ደግሞ ከሩቅ ለሚያየው አይገለጥም። በወሎ የ1966ቱን ድርቅ ያየ ሰው ረሃብን ከተሰነጠቀ መሬት ጋር ያያይዘዋል። በወላይታ ግን ተራራው ለምልሞ፣ እንሰቱ ቅጠሉን ዘርግቶ ሳለ በጎጆው ውስጥ ሕፃን ሰውነቱ ያብጣል። አረንጓዴ ረሃብ የሚባለው ይህ ነው። ሕዝቡ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረበት አገር ስለሆነ የአንድ ቤተሰብ ማሳ ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሄክታር አይበልጥም። የበልግ ዝናብ ሲዘገይ፣ በቆሎው እስኪደርስ ያሉትን ወራት የሚያሻግረው ስኳር ድንች አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ገበሬው በሬውን ይሸጣል፤ ያልደረሰ እንሰት ይነቅላል፤ የሚቀጥለውም ዓመት አብሮ ይጎዳል። በ1977፣ በ1992፣ እንዲሁም በ2000 ዓ.ም. የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

በአገር ደረጃ አብያተ ክርስቲያናት በእርዳታ ሥራ እጅ ለእጅ የተያያዙት የወሎው ረሃብ ባስከተለው ድንጋጤ ነው። የክርስቲያን በጎ አድራጎትና ልማት ማኅበር ያኔ ተመሠረተ። በወላይታ ደግሞ ቃለ ሕይወት ተረፔዛ የተባለውን የልማት ማኅበሯን አቋቁማ በምግብ እጥረት በተጎዱ ሕፃናት፣ በንጹሕ ውኃና በንጽህና ሥራ ላይ ተሰማርታለች። ካቶሊካውያኑም በአረካ አቅራቢያ የዱቦ ቅድስት ማርያም ሆስፒታልን ያስተዳድራሉ። እነዚህ ሁሉ ከውጭ ለጋሾች ገንዘብ ያገኛሉ፤ ይህ ነውር አይደለም። ሆኖም የትኛው ቤት እሳት እንዳልነደደበት፣ የትኛዋ እናት ልጇን ወደ ጤና ጣቢያ ለማምጣት እንዳፈረች ከለጋሹ ይልቅ የሰፈሩ ጉባኤ ያውቃል። እርዳታው ለራስ ምዕመን ብቻ የሚሰፈር ወይም ለማስለወጥ የሚሰጥ ሲሆን ግን ይህ እውቀት መጥፎ መሣሪያ ይሆናል። የሶዶ እስረኞች ስንቁን ሲቀበሉ ሃይማኖታቸውን የጠየቃቸው አልነበረም።

ከኦቶና ሐኪሞች አንዱ የነበረው ናታን ባርሎ ይህንን ማንነትን ሳይጠይቁ የመርዳት መንገድ በእርጅናው ተከትሏል። በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ዕድሜ ልክ በባዶ እግር የሚሠራ ገበሬ እግሩ ሊያብጥና ሊጠጥር ይችላል፤ ዝሆኔ ይሉታል፤ ሕክምናው ፖዶኮኒዮሲስ በሚል ስም ያውቀዋል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ቢሆንም በሽተኛው ከሠርግ፣ ከለቅሶ፣ አንዳንዴም ከጸሎት ቤቱ ይርቃል፤ ሰው ይሸሸዋልና። በ1995 ዓ.ም. ገደማ የወጣ ጥናት በዞኑ ከመቶ ሰው ከአምስት በላይ በዚህ በሽታ እንደተያዘ አሳይቷል። ባርሎ በ1990 ዓ.ም. ወደ ሶዶ ተመልሶ ለእነዚህ ሰዎች ሞሲ ፉት የተባለውን ሥራ ጀመረ። ሕክምናው እግርን በሳሙናና በውኃ ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ ነው። ጫማውን ከሚሰፉት፣ አዲስ የመጣውንም በሽተኛ እግር ከሚያጥቡት መካከል ትናንት ራሳቸው ታካሚ የነበሩ ይገኛሉ።