ሻንጣ ተሸካሚው

እኔና ጓደኞቼ ሶዶ ውስጥ መብራት ባለበት ማታ ሁሉ የወንጀል ዘጋቢ ፊልም እናያለን። ከአምስት ክፍል በኋላ የገዳዩን የውሻ ስም ሳይቀር እናውቃለን፤ የሟቿን ስም ግን ማስታወስ ያቅተናል። ባለፈው አባቴ አጠገቤ ተቀምጦ ትንሽ አየና «ይሄ ሁሉ ተፈርዶበታል?» አለኝ። «አብዛኛው» አልኩት። ዝም አለ።

አባቴ ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ልጅ ሆኜ ለምን እንደሆነ ጠይቄው «በደርግ ጊዜ ቀበሌ ነበር» ብሎ ዘጋው። ያቺ አጭር መልስ ምን እንደያዘች የገባኝ የቀልቤሳ ነገዎን ጉዳይ ሳነብ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

በ1977 ቀይ ሽብር ሲፋፋም የቀበሌና የከፍተኛ ሊቀመንበሮች መሣሪያም የማሰር ሥልጣንም ነበራቸው። ቀልቤሳ የአዲስ አበባው ከፍተኛ 9 ሊቀመንበር ነበር። እዚያ የታሰሩ ወጣት ሴቶች ልብሳቸውን እንዲያወልቁ ተደርገው፣ እጅና እግራቸው ታስሮ ተገረፉ። ሊቀመንበሩ ቢሮው ተቀምጦ ትእዛዝ ብቻ የሚሰጥ አልነበረም፤ ምርመራው ላይ ራሱ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ከነዚያ ሴቶች አንዷ አትላንታ ውስጥ የአንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሆነች። አንድ ቀን እዚያው ሆቴል ውስጥ የእንግዳ ሻንጣ የሚሸከም ሰው አየች። እሱ ነው። ገራፊዋና እሷ የአንድ ቀጣሪ ሠራተኞች ሆነዋል!

መርማሪ ፖሊስ የለም፣ የጣት አሻራ የለም። የነበራት ፊቱን ማስታወሷ ብቻ ነው። ሁለት ሌሎች ሴቶች ተጨመሩ፤ አንዷ ከካናዳ የመጣችው ሂሩት አበበ ጂሪ ናት። በ1990 ከሰሱት። የተጠቀሙት በ1789 የወጣ ሕግ ነው፤ የውጭ ዜጋ ዓለም አቀፍ ሕግ ተጥሶ ለደረሰበት በደል አሜሪካ ውስጥ ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። (በድሮ ኮድ ውስጥ ማንም የማይነካት መስመር ድንገት የምትሠራበት ቀን አለ፤ እንደዛ ነገር።) እሱ ካደ። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500,000 ዶላር ፈረደላቸው።

ፊልም ቢሆን እዚህ ጋ ሙዚቃው ገብቶ ያልቃል። ግን የፍትሐ ብሔር ክስ ነው፤ እስር የለውም። ሻንጣ ተሸካሚ ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ከየት ያመጣል? ጭራሽ በ1995፣ ይግባኙ ገና ሳይወሰን፣ የአሜሪካ ዜግነት አገኘ። ይሄን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ወጣሁ፣ ዳሞታን ትንሽ አየሁና ተመለስኩ።

የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት በ2002 በሌለበት ዕድሜ ልክ ፈረደበት። በ2004 ዜግነቱን ለቀቀ፣ በ2005 መጀመሪያ ታሰረ፣ በጥቅምት 2006 ወደ አዲስ አበባ ተላከ።

ታሪኩን ለአባቴ በወላይትኛ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

«ስንት ዓመት ፈጀባቸው?» አለኝ።

«ከክሱ እስኪባረር አሥራ ስድስት።»

«ሦስት ነበሩ አልክ?»

«ሦስት።»

«እኔ ብቻዬን ነኝ» አለ። «አብረውኝ የነበሩት ሁለቱ ሞተዋል።»

ስለ ሁለቱ ሰዎች ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው። ስማቸውን ጠየቅኩት፤ ነገረኝ፣ ስልኬ ላይ ጻፍኩት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አብሬው ሄድኩ። ሽማግሌውን ሲያይ እንደ ልማዱ ወደ ቀኝ ታጠፈ፤ እኔም ተከተልኩት።