«ልዩ ጥቅም» ማለት ምን ማለት ነው?

እንግሊዝኛ «ኢንተረስት» ሲል ወለድም፣ ዝንባሌም፣ ጥቅምም ማለቱ ነው። ዐረብኛ ግን ወለዱን «ፋኢዳ»፣ ዝንባሌውን «ኢህቲማም»፣ ጥቅሙን «መስለሐ» ብሎ ይለያል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49(5) ኦሮሚያ በአዲስ አበባ ያለውን መብት በእንግሊዝኛው ቅጂ በዚሁ ቃል፣ በአማርኛው «ልዩ ጥቅም» ብሎ ይጠራዋል። በአንቀጽ 106 መሠረት የመጨረሻው ቃል የአማርኛው ነው።

ግን የትኛው ጥቅም? አዲስ አበባ የምትጠጣው፣ ቡራዩ አጠገብ ያለው የገፈርሳ ውሃ? ወይስ የሰበታና የሱሉልታ ገበሬ መሬት? ዝርዝሩ በሕግ ይወሰናል ተባለ። ሳይወሰን በ2006 የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ ፈነዳ፤ ደም ፈሰሰ፤ በጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ። ረቂቅ አዋጁ ፓርላማ የደረሰው በሰኔ 2009 ነበር፤ አዋጅ ሆኖ ግን አልወጣም። በ2015 ሦስቱም ከተሞች ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ።

ካርታው ተቀየረ፤ ቃሉ ግን ዛሬም አልተፈታም። ሕግ ያልፈታውን ቃል ጉልበት ይፈታዋል።