ተመሳካሪነት፦ «እኔ ራሴ አውቃለሁ» ለሚል አርታኢ

ሬዲዮሻክ እ.ኤ.አ. በ1921 ቦስተን ውስጥ በዶይችማን ወንድማማቾች የተከፈተ፣ ኋላም መቀመጫውን ቴክሳስ ፎርት ወርዝ ያደረገ የአሜሪካ የኤሌክትሮኒክስ መደብር ነው። ከሽቦና ከባትሪ አንሥቶ በ1977 እስካወጣው ቲአርኤስ-80 የተባለ ኮምፒውተር ድረስ ያልሸጠው የለም ማለት ይቻላል። በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ስለዚህ ኩባንያ የሚነበበውን መጣጥፍ የጻፉት እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ ሳንቲም የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። አሁን ከእነዚህ አንዱ የመደብሩ የቀድሞ ሠራተኛ ነው እንበል። «አንዲት ባትሪ ሊገዛ የመጣውን ሰው ሳይቀር ስምና አድራሻ እንድንጠይቅ ያስገድዱን ነበር፤ ስለሠራሁበት አውቃለሁ» ብሎ መጣጥፉ ውስጥ ያስገባል። ዓረፍተ ነገሩ ብዙ አይቆይም። ሌላ አርታኢ ይመጣና ወይ ይሰርዘዋል፣ ወይ ከጎኑ «ምንጭ ያስፈልጋል» የምትል ምልክት ይለጥፍበታል።

ሰውየው አልዋሸም። ሰራዡም ዋሽተሃል አላለውም። ዓረፍተ ነገሩ የጎደለውን ነገር ዊኪፔዲያኖች በእንግሊዝኛ ቬሪፋያቢሊቲ ይሉታል፤ በአማርኛ «ተመሳካሪነት» እንበለው የሚለው የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ነው።

«እውነተኛነት» ለምን አይሆንም ቢባል፣ የዊኪፔዲያ መመሪያ የሚጠይቀው እውነትን ሳይሆን አንባቢው ራሱ ሄዶ የሚያየው የታተመ ምንጭ ስለሆነ ነው። «ተረጋጋጭነት» ትንሽ ይቀርባል፤ ነገር ግን «ተረጋገጠ» ስንል ነገሩ አለቀለት፣ ጥርጥር የለውም ማለታችን ነው። አርታኢው ይህን ያህል ቃል አይገባም። «ማመሳከር» ግን ልክ የሚያህለውን ይላል። ፎቶ ኮፒ ይዞ ቢሮ የሄደ ሰው «ዋናውን አምጣና ይመሳከር» መባልን ያውቀዋል። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ትምህርቱን በርግጥ ተምረኸዋል ወይ ብላ አትጠይቅም፤ ቅጂው ከዋናው ጋር መግጠም አለመግጠሙን አይታ ማኅተሟን ትመታለች። ቃሉ «መሰከረ» ከሚለው ግሥ መምጣቱም ምርቃት ነው፤ ማመሳከር አንዱን ምስክር በሌላው ፊት ማቆም ነውና። ስለዚህ «ይህ ዓረፍተ ነገር ተመሳካሪ አይደለም» ሲባል «ሐሰት ነው» ማለት እንዳልሆነ አማርኛው ራሱ ይነግረናል።

የሠራተኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻው ምን ይሆናል? እዚህ ላይ ነው የበጎ ፈቃደኞቹ ትብብር የሚታየው። ከመጣጥፉ ጀርባ ባለው የውይይት ገጽ አንዱ ጥያቄውን ያነሣል፣ ሌላው ቆየት ያሉ ጋዜጦችን ያገላብጣል። ኩባንያው በ2002 ከደንበኞች አድራሻ የመጠየቅ ልማዱን መተዉ በዜና ወጥቷል። በ2015 ሲከስር ደግሞ የደንበኞቹን ዝርዝር ከሌላው ንብረት ጋር አብሮ ሊሸጥ ማሰቡን ቴክሳስን ጨምሮ የበርካታ ግዛቶች ዓቃብያነ ሕግ ተቃውመዋል፤ ይህም በፍርድ ቤት መዝገብና በጋዜጣ ሰፍሯል። እንግዲህ «ያስገድዱን ነበር» የሚለው ምሬት ይወጣና በምትኩ ልማዱ መኖሩን፣ የቀረበትን ዓመትና ኋላ ያስነሣውን ክርክር የሚናገር፣ የግርጌ ማስታወሻ ያለው አንቀጽ ይገባል። የሠራተኛው ትዝታ መጣጥፉ ውስጥ ባይቀመጥም የት መቆፈር እንዳለበት የጠቆመው እሱ ነው።

ይህ ሁሉ ሲነገር ንጹሕና ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ተመሳካሪ የሆነ ነገር ሐሰት ሊሆን ይችላል፤ ለዚህም ከዚሁ ከሬዲዮሻክ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። ዴቪድ ኤድመንድሰን በ2005 የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሲሆን፣ ኩባንያው ባወጣው የሕይወት ታሪኩ ከአንድ ኮሌጅ በሥነ መለኮትና በሥነ ልቦና ዲግሪ እንዳለው ሰፍሮ ነበር። በየካቲት 2006 ፎርት ወርዝ ስታር-ቴሌግራም የተባለው የከተማው ጋዜጣ ኮሌጁን ጠየቀ። መዝገቡ ላይ ሰውየው የተማረው ሁለት ሴሚስተር ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ የሥነ ልቦና ዲግሪ ደግሞ ኮሌጁ ከነጭራሹ ሰጥቶ አያውቅም። ሥራ አስፈጻሚው በዚያው ወር ከሥራው ለቀቀ።

ከዚያ በፊት፣ በ2005፣ አንድ አርታኢ የኩባንያውን ድረ ገጽ ጠቅሶ «ሁለት ዲግሪ አለው» ብሎ ቢጽፍ ኖሮ ምን ይባል ነበር? ዓረፍተ ነገሩ ይመሳከራል፤ ገጹ ተከፍቶ ይነበባል። ሐሰት መሆኑ ግን አይቀርም። የዊኪፔዲያ መመሪያ አንድ ድርጅት ስለ ራሱ የሚያወጣውን ጽሑፍ በጠባቡ ብቻ የሚቀበለው ለዚህ ነው፤ ዋና መሥሪያ ቤቱ የት እንደሆነ ከራሱ ይወሰዳል፣ ምን ያህል የተመሰገነ እንደሆነ ግን አይወሰድም። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ነዋ።

ሌላም ነገር አለ። አርታኢው ራሱ ጠርጥሮ ኮሌጁ ዘንድ ቢደውልና «የለም» ቢባል፣ የስልክ ጥሪውን ውጤት መጣጥፉ ላይ መጻፍ አይፈቀድለትም። ያ የራስ ምርምር ይባላል። የሚደውለው ጋዜጠኛው ነው፤ በጎ ፈቃደኛው ጋዜጠኛው አጣርቶ እስኪያትም ይጠብቃል። ብዙ አዲስ ገቢዎችን የሚያናድደው ይኸኛው ነው፤ አልፈርድባቸውም። እውነቱን በእጃቸው ይዘው ወረፋ ጠብቁ የተባሉ ያህል ይሰማቸዋል። የሕጉን ጥቅም የሚረዱት አንድ ተፎካካሪ ነጋዴ «እኔም ደውዬ አጣርቻለሁ» እያለ ሲመጣባቸው ነው።

ክርክሩ አንዳንዴ በአንዲት ግሥ ላይ ይሆናል። ሬዲዮሻክ መደብር «ነው» ወይስ «ነበር»? በ2015 የካቲት ውስጥ ለኪሳራ አመለከተ፤ የተረፉትን ሱቆች የያዘው አዲሱ ባለቤትም በ2017 መጋቢት ዳግመኛ ከሰረ፤ በ2020 ስሙን የኢንተርኔት ንግድ ባለሀብቶች ገዙት፤ በ2023 ደግሞ ዩኒኮመር ወደተባለ የኤል ሳልቫዶር ኩባንያ ተሻገረ። በመካከሉ ስሙን በፈቃድ የሚጠቀሙ ነጠላ ሱቆች በየከተማው ቀርተዋል። የሰፈሩን ሱቅ ክፍት መሆን በዓይኑ ያየ ሰው «ነው» ይላል፤ የኪሳራውን ዜና ያነበበ «ነበር» ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። መፍትሔው የሚገኘው ነገሩን በመበታተን ነው፤ የትኛው ሕጋዊ ድርጅት፣ በየትኛው ዓመት፣ በማን ዘገባ የሚለው ለየብቻው ይጻፋል። በእኔ ግምት የመመሪያው ትልቁ ውለታም ይህ ነው፤ «ማን ትክክል ነው?» የሚለውን ማብቂያ የሌለው ሙግት «የቱ ምንጭ ምን አለ?» ወደሚል፣ ሰው ተቀምጦ ሊጨርሰው ወደሚችል ሥራ ይለውጠዋል።

ምስክሩ ከራሱ ከተከሳሹ የሰማውን ሲናገር ግን ማመሳከር ዋጋ ያጣል። በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ኮአቲ በሚባል የደቡብ አሜሪካ እንስሳ መጣጥፍ ላይ «የብራዚል አዋልዲጌሳ» የሚል ስም ከራሱ ፈጥሮ ጨመረ። ጋዜጦች ስሙን ከዚያው ቀድተው ተጠቀሙበት፤ ቆይቶም የእነሱ ጽሑፍ ለዊኪፔዲያው እንደ ምንጭ ተጠቀሰ። ስለዚህ ከመጣጥፉ ቀድሞ የታተመ ምንጭ ሁልጊዜ ይመረጣል።

እኛ ዘንድ ሲመጣ ችግሩ ይብሳል። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከ6 ሚሊዮን በላይ መጣጥፎች ሲኖሩት የአማርኛው 15,000 ገደማ ነው። ለዚህ ምክንያቱ ብዙ ነው፤ አንዱ ግን የምናውቀው ነገር አብዛኛው ያልታተመ መሆኑ ነው። መርካቶ ውስጥ ቴፕና ቴሌቪዥን ሲሸጥ የኖረን አንድ ሱቅ ታሪክ ሰፈሩ ሁሉ ቢያውቀውም ጠቅሶ የሚጽፈው አርታኢ እጁ ባዶ ነው። ዊኪፔዲያን በሚያስተናግደው ድርጅት በዊኪሚዲያ ድጋፍ በ2011 ሕንድና ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሞከረ ሥራ ነበር፤ የአካባቢ ሰዎች ስለሚያውቁት ነገር ሲናገሩ ተቀርጾ፣ ቅጂው እንደ ምንጭ ይጠቀስ የሚል። ሙከራው ብዙ ክርክር አስነሣ እንጂ በእንግሊዝኛው ዘንድ ልማድ ሆኖ አልተተከለም።

እስከዚያው ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው በር ክፍት ነው፤ ምንጩ ኢንተርኔት ላይ መኖር የለበትም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የወጡ የአዲስ ዘመን ጋዜጣ እትሞች ላይ የነጋዴዎች ማስታወቂያ አለ። የሬዲዮ ሻጭ ማስታወቂያ ካገኙ የጋዜጣውን ስም፣ ቀኑንና ገጹን መጻፍ በቂ ነው፤ ተጠራጣሪው ወመዘክር ሄዶ ጥራዙን ያስወጣ። ማስታወቂያው የሚመሰክረው ሱቁ በዚያ ቀን በዚያ አድራሻ ራሱን ማስተዋወቁን ነው። «በአዲስ አበባ የመጀመሪያው» የሚል ቃል እዚያው ላይ ታትሞ ቢያገኙት እንኳ ያ የነጋዴው ቃል ስለሆነ፣ ሌላ ምስክር እስኪገኝ መጣጥፉ ውስጥ አይገባም።